ድረ ገጹ የት ነው የሚያድረው?

መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ 47 ደቂቃ በኋላ፣ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ራይን ወንዝ አጠገብ ከሚገኝ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ እሳት ተነሣ። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች በኮምፒውተር የተሞላ ነበር፤ ኦቪኤች ክላውድ የተባለው ኩባንያ ለደንበኞቹ የሚያከራያቸው ሰርቨሮች ናቸው። ሲነጋ ሕንፃው ወድሞ ነበር፤ ከጎኑ ያለውም በከፊል ተቃጥሏል። የሰው ሕይወት አልጠፋም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ግን በአንድ ሌሊት ከኢንተርኔት ተሰወሩ። የፓሪሱ ፖምፒዱ የሥነ ጥበብ ማዕከል ድረ ገጽ ተቋረጠ። ረስት የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ 25 የአውሮፓ ሰርቨሮቹን ከነመረጃቸው አጣ።

ድረ ገጽ ያለው ነጋዴ ሁሉ ንብረቱን አንድ ቦታ አስቀምጧል። ቦታውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቶት አያውቅም፤ ሲመርጠውም ያየው ዋጋውን ብቻ ነው።

ነገሩ ከሥሩ ቀላል ነው። ድረ ገጽ ማለት የፋይሎች ክምችት ነው፦ ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የትእዛዝ መቀበያ ቅጽ። ፋይሎቹ ቀን ከሌት በማይጠፋና ከኢንተርኔት ጋር በተያያዘ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለባቸው። ያ ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል፤ በእሱ ላይ ቦታ ማከራየት ደግሞ ሆስቲንግ። የመጀመሪያው የድረ ገጽ ሰርቨር ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቭ አቅራቢያ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል ይሠራበት የነበረው ኔክስት የተባለ ጥቁር ኮምፒውተር ነበር። አላፊ አግዳሚው እንዳያጠፋበት ሳጥኑ ላይ ወረቀት ለጥፎ፣ ማሽኑ ሰርቨር መሆኑንና መጥፋት እንደሌለበት በቀይ ቀለም ጻፈበት። ዛሬ ሆስቲንግ የሚሸጡ ኩባንያዎች የሚሸጡት የዚያን ወረቀት ሥራ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ሙቀት ሲበዛ ማቀዝቀዣ፣ ዲስክ ሲበላሽ መለወጫ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ባለሙያ።

ርካሹ አማራጭ፣ አብዛኛው ትንሽ ድርጅትም የሚጀምርበት፣ ሼርድ ሆስቲንግ ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ድረ ገጾች አብረው ያድራሉ። ይህን ያስቻለው ትንሽ የምትመስል ፈጠራ ነች። ቀድሞ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱ ቁጥራዊ አድራሻ ያስፈልገው ነበር፤ አድራሻዎቹ ደግሞ በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 የተባለው ደንብ ግን ጎብኚው ኮምፒውተር የሚፈልገውን ድረ ገጽ በስሙ ጠርቶ እንዲገባ አስገደደ። ከዚያ ወዲህ አንድ በር ለመቶ ቤት በቃ፤ በረኛው ስም ሰምቶ ወደ ትክክለኛው ክፍል ይመራል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከብዙ ተከራይ ጋር በአንድ ግቢ የኖረ ሰው የቀረውን ሳይነገረው ያውቀዋል። ስድስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። አንዷ ጎረቤት እንጀራ ልትጋግር ምጣዷን ስትሰካ፣ ሌላው በዚያው ሰዓት ውሃ ሲያሞቅ መላው ግቢ ይጨልማል፤ ምንም ያላጠፋው ሦስተኛው ተከራይም ሻማ ይፈልጋል። ሼርድ ሆስቲንግም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጎረቤት ማስታወቂያ አስነግሮ ሺህ ሰው በአንዴ ሲጎርፍበት የሌሎቹም ድረ ገጽ ይንቀራፈፋል። አከራዮቹ ይህን ለመግታት ለየተከራዩ የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ልክ ያበጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ክላውድ ሊነክስ የተባለው ሥርዓት በዋናነት የተሠራው ለዚሁ ነው። ልኩን ያለፈ ድረ ገጽ 508 የሚል የስሕተት ቁጥር ያሳይና ይቆማል።

እዚህ ላይ «ገደብ የለሽ» የሚለውን ቃል ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በማስታወቂያው ገደብ የለሽ የሚባሉት የዲስክ ቦታውና የመረጃ ዝውውሩ ናቸው። ድረ ገጹን የሚያቆመው ግን የፕሮሰሰሩ ልክና የፋይሎች ቁጥር ጣሪያ ነው፤ እነሱ የሚገኙት ውሉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል ነው። ደግሞም ትንሽ ድርጅት ገደብ የለሽ ነገር አያስፈልገውም፤ ስሌቱ በብዕርና በወረቀት ይሠራል። የአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ እያንዳንዱ ገጽ ከነፎቶው 2 ሜጋባይት ነው እንበል። በቀን 100 ሰው ገብቶ እያንዳንዱ 3 ገጽ ቢያይ በቀን 600 ሜጋባይት፣ በወር 18 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን መጠን ትንሹ የኪራይ ፕላንም ይሸከመዋል። የአማርኛ ጽሑፍማ ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 2,000 ፊደል ያለው ገጽ 6 ኪሎባይት ብቻ ነው። ከስልክ በቀጥታ የተጫነ አንድ ፎቶ ግን 4 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ቀርፋፋ ከሚባሉት ድረ ገጾች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ውድ ፕላን ሳይሆን ፎቶውን የሚያሳንስ ሰው ነው።

ቀጣዩ ደረጃ ቪፒኤስ ይባላል። ሰርቨሩ አሁንም የጋራ ነው፤ ነገር ግን በሶፍትዌር ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል። ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቆጣሪው ለየብቻ ነው። ነፃነቱ ግን ሥራ ይዞ ይመጣል። ብዙ ርካሽ ቪፒኤሶች ባዶ ቤት ናቸው፤ የደኅንነት ማሻሻያውን የሚጭነው፣ አጥሩን የሚያጥረው ተከራዩ ራሱ ነው። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት ባዶ ቪፒኤስ ከሚከራይ ጥሩ ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ቢቆይ፣ ወይም ጨመር አድርጎ ጥገናው በአከራዩ የሚሸፈን ፕላን ቢይዝ ይሻለዋል። ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩት ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ስለሆነ፣ ለእሱ ብቻ የተዘጋጁና ጥገናቸው የተሸፈነ ፕላኖች በብዛት አሉ። አንድ ሙሉ ሰርቨር ለብቻ መከራየት የትንሽ ድርጅት ጉዳይ አይደለም።

በጋራ ግቢ ሌላም መዘዝ አለ፤ ኢሜይል። በአንድ ሰርቨር ላይ ያሉ ተከራዮች ደብዳቤ የሚልኩት ብዙ ጊዜ ከአንድ አድራሻ ነው። አንዱ ጎረቤት አይፈለጌ መልእክት ሲበትን አድራሻው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባና የንጹሑ ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ የደንበኛው አይፈለጌ ሣጥን ውስጥ ይቀበራል። ነጋዴው ደንበኛው ዝም አለኝ ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ኢሜይልን ከሆስቲንጉ ለይቶ፣ ደብዳቤ ብቻ ለሚያስተናግድ ድርጅት መስጠት ወጪ ቢኖረውም ብዙውን ጊዜ ያዋጣል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። በወር 3 ዶላር የሚል ፕላን ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት በአንዴ ለከፈለ ሰው ነው፤ የዛሬው ክፍያ 108 ዶላር ማለት ነው። በአራተኛው ዓመት ውሉ ሲታደስ ዋጋው በወር 11 ዶላር ከሆነ ለዚያ አንድ ዓመት ብቻ 132 ዶላር ይመጣል። አንዱ ዓመት ከሦስቱ ይበልጣል። በትልልቅ ፊደል የሚጻፈው የመግቢያው ዋጋ ስለሆነ፣ መነጻጸር ያለበት የሚታደስበት ዋጋ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ለኤስኤስኤል፣ ማለትም በአንዳንድ አሳሾች ላይ የቁልፍ ምልክት ለሚያመጣው የምስክር ወረቀት፣ የተለየ ክፍያ ከተጨመረም መጠየቅ ይገባል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ ያድለዋል፤ ለትንሽ ድርጅት በቂ ነው። ያለ እሱ ደግሞ አይሆንም፤ ክሮም የተባለው አሳሽ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ የምስክር ወረቀቱ የሌለውን ድረ ገጽ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ለጎብኚው ይናገራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ በዚህ ላይ የምንዛሪ ጉዳይ ይደረባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አከራዩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር፣ የዓመት 100 ዶላር ሂሳብ ከ5,700 ብር ወደ 10,000 ብር ተሻገረ። መክፈያውም ራሱ ችግር ነው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ነጋዴ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመዱን ይለምናል፤ ዘመድ በራሱ ካርድ፣ በራሱ ኢሜይል ይከፍታል። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍበት ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው እዚያ ነው፤ እዚህ ያለው ድርጅት አንድ ጠዋት ድረ ገጹ ጠፍቶ ያገኘዋል። ለአገር ውስጥ ደንበኛ ብቻ ለሚሠራ ድርጅት በብር የሚከፈል የአገር ውስጥ ሆስቲንግ በዚህ በኩል ትልቅ ዕረፍት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎቱን ይሰጣል፤ በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክም የግል ዳታ ሴንተሮች፣ ማለትም የሰርቨር ማደሪያ ሕንፃዎች፣ ተከፍተዋል።

ሰርቨሩ የት አገር ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ደንበኛው ጋ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 53 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ወደ አሜሪካዋ ቨርጂኒያ ከሆነ ከእጥፍ በላይ። ገመዱ በጅቡቲ ወይም በኬንያ ዞሮ ስለሚሄድ እውነተኛው ጊዜ ከዚህም ይረዝማል፤ አንድ ገጽ ሲከፈት ደግሞ ይህ ምልልስ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ለሀምቡርግ ገዢዎች ቡና የሚያስተዋውቅ ላኪ ሰርቨሩን ጀርመን ቢያደርግ ትክክል ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላይ ምግብ ቤት የከፈተ ኢትዮጵያዊ ደግሞ የዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት በቨርጂኒያዋ አሽበርን ውስጥ፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት በማይርቅ ቦታ አለለት።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨው ግን ከፕላኑ ጋር ምንም ያልተያያዘ ጥፋት ነው። ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም፣ እና ሆስቲንግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስሙ የሱቁ ታፔላ ነው፤ ሆስቲንጉ የሱቁ ክፍል። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ለቅልጥፍና ብሎ ስሙን በራሱ ኢሜይል ያስመዘግብና፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስልኩ አይነሣም። ነጋዴው በቢዝነስ ካርዱ፣ በመኪናው፣ በካርቶኑ ላይ ያሳተመው ስም የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል። ስሙ በድርጅቱ ባለቤት ተመዝግቦ ቢሆን ከየትኛውም አከራይ ነቅሎ ወደ ሌላ መሄድ የሰዓታት ጉዳይ ነበር። እንደ ዊክስ ባሉ፣ ድረ ገጽን ያለ ባለሙያ በሚያሠሩ አገልግሎቶች ላይ የሚጀምር ሰውም ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ሥራው ቀላል ነው፣ ገጹም ያምራል፣ ነገር ግን እዚያ የተሠራ ድረ ገጽ ተነቅሎ ሌላ ሰርቨር ላይ አይተከልም። መልቀቅ ያማረው ሰው እንደገና ይሠራዋል።

በስትራስቡርጉ ቃጠሎ ደንበኞችን የለየውም ይኸው ወደ ሌላ ቦታ የመሄድ አቅም ነው። የድረ ገጻቸው ቅጂ ሌላ ከተማ ወይም ቢሯቸው ያለ ዲስክ ላይ የነበራቸው ሌላ ቦታ ተከራይተው ሥራቸውን ቀጠሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ለመጠባበቂያ ቅጂ እየከፈሉ ነበር፤ ቅጂው ግን የተቀመጠው እዚያው እሳቱ የበላው ሕንፃ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የሊል የንግድ ፍርድ ቤት ከእነዚህ ለአንዱ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ፤ የጠፋው መረጃ ግን በፍርድ አይመለስም። አከራዩን «ባክአፕ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ አይበቃም። የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ቀን ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ ደንበኛው ራሱ ሊያወርደው ይችል እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ከዚያም በወር አንድ ጊዜ አውርዶ ራስ ጋ ማስቀመጥ።

የወረደው ቅጂ መሥራቱም መሞከር አለበት፤ ለአማርኛ ድረ ገጽ ደግሞ ሙከራው የተለየ ምክንያት አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ብዙ ድረ ገጾች ጽሑፋቸውን የሚያስቀምጡበት ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚጠቀመው የላቲን ፊደላትን ብቻ በሚያውቅ አቀማመጥ ነበር። በቆየ ሰርቨር ላይ፣ ወይም አቀማመጡ ሳይስተካከል ቅጂው ሲመለስ፣ ከ«እንኳን ደህና መጡ» እስከ ዕቃው ዝርዝር እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፊደሉ አንዴ እንዲህ ሆኖ ዳታቤዙ ውስጥ ከተጻፈ ከዚያው ላይ መልሶ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ ቤት የሚቀይር ድርጅት የድሮውን ኪራይ ቢያንስ አንድ ወር ደራርቦ ይከፍላል፤ አዲሱ ላይ ዋናውን ገጽ፣ የዋጋ ዝርዝሩንና የትእዛዝ ቅጹን በአማርኛ እየከፈተ ያያል፣ በስልክም በኮምፒውተርም። አንድ የሙከራ ትእዛዝ በአማርኛ ስም ልኮ ስሙ በትክክል ሲደርሰው የድሮውን ይዘጋል።