የግቢ ሕይወትን የሚመራው ማን ነው? የሠራተኞች ድርሻና የተማሪዎች ተሳትፎ በአይሁድ ተማሪዎች ተሞክሮ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ በክፍል ውስጥ ከሚያሳልፈው እንደሚበልጥ ይታወቃል። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢም ከዚህ የተለየ አይደለም። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረውና በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተመረቀበት በዚህ ግቢ፣ በአንድ ወገን የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት፣ ፕሮክተሮች፣ የምግብ ቤትና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ በሌላው ወገን የተማሪዎች ኅብረትና ክበባት የዕለት ተዕለቱን ኑሮ ይመሩታል። በሁለቱ መካከል ያለው የሥራ ድንበር ግን ሁልጊዜ ግልጽ ሆኖ አይታይም። ጉዳዩ የእምነትና የማንነት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይወሳሰባል።

በዚህ ረገድ ረጅም ተሞክሮ ካካበቱት መካከል የአይሁድ ተማሪዎች ድርጅቶች ተጠቃሽ ናቸው። ተሞክሮው ለኢትዮጵያም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ከእነዚህ ድርጅቶች በስፋቱ የሚታወቀው ሂሌል እ.ኤ.አ በ1923 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከጥንቱ የአይሁድ ሊቅ ከሂሌል ነው። መሥራቹ ራቢ ቤንጃሚን ፍራንክል ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ብናይ ብሪት የተባለው የአይሁድ ማኅበር ድርጅቱን በኃላፊነት ተረከበው። ራቢ ፍራንክል በ1927 በወጣትነታቸው ሲያርፉ ሥራው አልተቋረጠም፤ አብራም ሳካር ለረጅም ዓመታት መርተው አስፋፍተውታል። ሳካር በ1948 የብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ለመንግሥት ሠራተኛ በተለይ ትኩረት የሚስበው የሠራተኞቹ አቀጣጠር ነው። የሂሌል ሠራተኞች በመደበኛው አሠራር የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪዎች አይደሉም። ደመወዛቸው በዋናነት ከልገሳ የሚገኝ ሲሆን፣ ቢሯቸውም ብዙውን ጊዜ በግቢው አጠገብ በሚገኝ የድርጅቱ ቤት ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ በጀቱን፣ ሕንፃውን፣ የለጋሾችን ጉዳይና ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር ያለውን ግንኙነት ይከታተላል። ራቢው ወይም መምህሩ ያስተምራል፤ የተጨነቀውንም ተማሪ ያማክራል። እነዚህ ሁለት የሥራ መደቦች ለብዙ ዓመታት በቂ መስለው ቆይተዋል።

ችግሩ ወደ ቤቱ የሚመጡት ተማሪዎች ሁልጊዜ እነዚያው መሆናቸው ነበር። ከሃይማኖታዊ ቤተሰብ የወጣው ተማሪ ዓርብ ማታ ለሰንበት ማዕድ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። ስለ ማንነቱ እምብዛም የማያውቀው፣ ወይም ቢሄድ እንግዳ የሚሆን የሚመስለው፣ በሩን ሳያንኳኳ ይመረቃል። በመሆኑም ከ1994 ጀምሮ አዲስ ተመራቂዎችን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በመቅጠር ሦስተኛ የሥራ መደብ ተፈጠረ። የእነዚህ ወጣቶች ሥራ በቢሮ ተቀምጦ እንግዳ መጠበቅ ሳይሆን ወደ መኝታ ክፍሎችና ወደ ምግብ ቤቶች ሄዶ ያልመጡትን መተዋወቅ ነበር። ከዚያ በኋላም ተማሪዎች ራሳቸው አነስተኛ ክፍያ እያገኙ የክፍል ጓደኞቻቸውን የሚቀርቡበት አሠራር ተዘርግቷል።

ለውጡ የሥራ መመዘኛውንም ነክቷል። ቀደም ሲል ስኬት የሚለካው በማዕዱ ዙሪያ በተቀመጠው ሰው ብዛት ነበር። የተሳታፊ ቁጥር በሪፖርት ላይ ለማስፈር ቀላል ነው፤ ፈተናው በየትኛውም አገር ያለ መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ነው። አዲሱ ጥያቄ ግን ተማሪው መጥቷል ወይ የሚል ብቻ ሳይሆን ምን ኃላፊነት ወስዷል የሚል ሆነ። ምግቡ በአይሁድ ሥርዓት መዘጋጀቱን ሠራተኛው ያረጋግጣል፤ ጸሎቱን የሚመራው፣ እንግዳ የሚጋብዘውና ቀጣዩን ዝግጅት የሚያቅደው ግን ተማሪው እንዲሆን ይፈለጋል።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተለው ሐባድ የተባለው ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ ነው። የመጀመሪያው የካምፓስ ቤቱ እ.ኤ.አ በ1969 በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ተከፍቷል። በዚህ አሠራር አንድ ራቢና ባለቤቱ በግቢው አቅራቢያ መኖሪያ ይዘው ልጆቻቸውን እዚያው እያሳደጉ ቤታቸውን ለተማሪዎች ክፍት ያደርጋሉ። ተማሪ ይለዋወጣል፤ ባልና ሚስቱ ይቆያሉ። በአንጻሩ ተማሪው ከመሪነት ይልቅ ወደ እንግድነቱ የሚያዘነብል መሆኑ አይቀርም።

ሂሌል በተመሠረተበት ዘመን አካባቢ አዲስ አበባም የቤተ እስራኤል ልጆች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበራት። ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የከፈቱት ትውልዳቸው ከፖላንድ የሆነው ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች ሲሆኑ፣ የሚመሩት ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1888 በጎንደር አካባቢ የተወለዱት ታምራት በአስመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ ከፋይትሎቪች ጋር ተገናኝተው ወደ አውሮፓ ተጉዘዋል፤ በፓሪስና በፍሎረንስም ተምረዋል።

የሥራ ክፍፍሉ ለመግለጽ ቀላል ነው። ፋይትሎቪች አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ሆነው ገንዘብ ያሰባስባሉ። የቀረው፣ ማለትም አስተዳደሩ፣ ማስተማሩ፣ ለለጋሾች ደብዳቤ መጻፉና ከባለሥልጣናት ጋር መነጋገሩ በአመዛኙ በታምራት ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። ዓላማው ከጎንደር አካባቢ የመጡት ልጆች ተምረው ወደየመንደራቸው በመመለስ መምህራን እንዲሆኑ ነው። የተሻሉ የተባሉትም ወደ አውሮፓ፣ ወደ ፍልስጥኤምና ወደ ግብጽ ተልከዋል።

ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም። የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እጅግ ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ ይዞ የተመለሰ ወጣት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተፈላጊ ነበር። በመሆኑም ከተማሪዎቹ በርከት ያሉት ከመንደር መምህርነት ይልቅ የመንግሥት ሥራን መረጡ። ለመሥራቾቹ ይህ ኪሳራ ሲሆን፣ ሠራተኛ ላጣው መንግሥት ግን ጥቅም ነበር። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ያም ሆኖ ልጆቹ ለዕቅዱ የተመረጡት ገና በለጋ ዕድሜያቸው መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ መመረጥ ደግሞ መሳተፍ አይደለም።

እ.ኤ.አ በ1936 የጣሊያን ፋሺስት ሠራዊት አዲስ አበባን ሲይዝ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ታምራትም ተሰደዱ። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው መንግሥትን ያገለገሉ ሲሆን፣ በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠርተዋል። እ.ኤ.አ በ1963 በኢየሩሳሌም አርፈዋል። ራቢ ፍራንክል ሲያርፉ ሂሌል ተተኪ አግኝቷል። በእርግጥ ሂሌል ወረራ አልገጠመውም። ቢሆንም ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ የነበረው ትምህርት ቤት በዚያው መልክ ዳግም ሳይቆም ቀርቷል።

የቀረው ተማሪው ነበር። ከጎንደር አጠገብ ከወለቃ የተነሡት አቶ ዮና ቦጋለ በፋይትሎቪች አማካይነት በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው ሲመለሱ በዚያው በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ከነፃነት በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር ተቀጠሩ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) ግን የመንግሥት ሥራቸውን ትተው የቤተ እስራኤልን የመንደር ትምህርት ቤቶች ወደ ማስተባበር ዞሩ። በ1955ና በ1956 በሁለት ዙር ወደ እስራኤል ክፋር ባትያ የተላኩ 27 ወጣቶችም እንዲሁ ተመልሰው እንዲያስተምሩ ታስበው ነበር። አቶ ዮና የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አዘጋጅተዋል። በ1979 ወደ እስራኤል ሄደው በ1987 እዚያው አርፈዋል።

በስድስት ኪሎ ያለው ሁኔታ ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ የተማሪዎች ዲንም ሆነ ፕሮክተር የአምልኮ ጉባኤ ሊያደራጅ አይችልም። የሥራ ድርሻው ተማሪዎችን በእኩልነት ማስተናገድ፣ የጾም ወቅት ምግብን ማመቻቸትና ሰላም መጠበቅ ነው። ጉባኤውን የሚያቆሙት ተማሪዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥር በ1984 ዓ.ም የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን የሚያስተባብራቸው ግቢ ጉባኤያት ከዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውጭ በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ይሰባሰባሉ። የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ተማሪዎችም የየራሳቸው ስብስብ አላቸው። በዚህ አገር ተማሪ እንዲሳተፍ የሚቀሰቅስ ሠራተኛ መቅጠር አላስፈለገም።

ይህ ዝንባሌ የቆየ ነው። በ1957 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ የሚያደርገው መርሐ ግብር ሲጀመር፣ በዚያው ዓመት ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» በማለት አደባባይ ወጥተዋል። የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም በጥይት ተመትቶ መገደሉም ይታወሳል። ተሳትፎው አልጎደለም፤ የጎደለው በአስተዳደሩና በተማሪው መካከል ሆኖ የሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው ነበር።

ይህ ክፍተት ዛሬ የሚታየው በአነስተኛ ጉዳዮች ነው። የክበብና የጉባኤ ኮሚቴዎች አባላት በየዓመቱ ተመርቀው ይወጣሉ። የስብሰባ አዳራሽ በየትኛው ቢሮ እንደሚፈቀድ፣ ባለፈው ዓመት የተነሣው አለመግባባት እንዴት እንደተፈታ፣ ታሞ የተኛ ተማሪ ቤተሰብ በማን በኩል እንደሚጠራ የሚያውቁት አብረው ይሄዳሉ። አዲሱ ኮሚቴ ሥራውን ሲጀምር በመዝገብ ያልሰፈረውን ለማወቅ የሚጠይቀው፣ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይህ ኃላፊነት ያልተጻፈለትን ነባር ፕሮክተር ነው።