ሳማ፣ ገብስና ጦስኝ፦ የአርሲ ደጋ ማዕድ በየወቅቱ



ከሐምሌ እስከ መስከረም ያሉት ወራት በሲሬና በአካባቢዋ በብዙ ገበሬ ቤት ጎተራ የሚሳሳባቸው ናቸው። ያለፈው ዓመት እህል ወይ ተበልቶ አልቋል፣ ወይ ተሸጧል፤ አዲሱ ደግሞ ገና አረንጓዴ ነው። በእነዚሁ ወራት ግን የአጥሩ ሥር፣ የበረቱ ዙሪያና የቦዩ ዳር በቅጠል ይሞላል። አላህ (ሱ.ወ) ጎተራው በሚጎድልበት ጊዜ ሜዳውን ያለመልመዋል። እኛ ግን ያንን ቅጠል የምናየው እንደ ሲሳይ ነው ወይስ እንደ አረም?

እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን እንደ አረም እናየዋለን። ሳማ መብላት የችግር ምልክት ተደርጎ ስለሚቆጠር እንግዳ ሲመጣ ድስቱ ይሸሸጋል። ከሱቅ የሚመጣው ፓስታ፣ ኢንዶሚና ብስኩት ግን ክብር አግኝቷል። በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ጠዋት ሻይና ብስኩት ብቻ ቀምሰው ክፍል የሚገቡ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስ ራሳቸውን ዴስኩ ላይ የሚጥሉ ልጆችን አይተናል። ከእነዚህ ልጆች የአንዳንዶቹ ጓሮ በጎመንና በሳማ የተሞላ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ምድራችን በየወቅቱ የምታበቅለውን፣ እንዴት እንደሚዘጋጅና ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው እናያለን፤ ኢንሻ አላህ።

ምድሪቱና ወቅቶቿ

የሲሬ ወረዳ ከአርሲ ደጋ ተነስቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። በደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ተልባ ይዘራል፤ ወደ ታች ሲወረድ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የቺላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት (ካዱ) አሰላ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተስፋፍቶ አርሲ የስንዴ አገር ተብላ ትታወቃለች። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ማሳው ወደ አንድ ዓይነት እህል ባደላ ቁጥር ማዕዱም ያንኑ መንገድ ይከተላል፤ ቁርሱ ዳቦ፣ ምሳው ፓስታ፣ እራቱ እንደገና ዳቦ ይሆናል። ሆድ ይሞላል፤ ሰውነት ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ አያገኝም።

የቀደሙት እናቶቻችን ይህን ጉድለት የሚሞሉት በወቅቱ ነበር። በክረምት ቅጠል፣ በመስከረምና በጥቅምት የገብስና የባቄላ እሸት፣ ከአጨዳ በኋላ ቆሎ፣ በሶና ገንፎ፣ ላሞቹ ለምለም ሣር ሲያገኙ ደግሞ ወተትና እርጎ ይቀርባል።

ሳማ፦ የክረምቱ ጸጋ

በደጋችን በብዛት የሚበቅለው ሳማ በአፋን ኦሮሞ ዶቢ ይባላል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚገኝ የሳማ ዝርያ ነው። ቅጠሉ ብረት፣ ካልሲየምና ፕሮቲን አለው። በተለይ የደም ማነስ ለሚያሰጋቸው ነፍሰ ጡሮች፣ አጥቢ እናቶችና በማደግ ላይ ላሉ ልጆች ጠቃሚ ምግብ ነው። እንግዲህ የምናፍርበት ድስት ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእነዚሁ ሰዎች ነው ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሳማው ሳያብብ በፊት ጫፉ ላይ ያሉትን ለጋ ቅጠሎች እጅን በጨርቅ ወይም በፌስታል ሸፍኖ መልቀም ነው። ካበበ በኋላ ቅጠሉ ይጠነክራል። ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ይታጠብና በፈላ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀቀላል። ሲበስል የሚለበልበው ነገር ይጠፋል። ከዚያ በእንጨት ማማሰያ እየተደቆሰ ይላማል። ለአምስት ሰው ለሚበቃ ድስት ሁለት እፍኝ ያህል የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ቀስ እያሉ ማማሰል ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ጨው ይገባል። በመጨረሻ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ይደረግበታል። በገብስ እንጀራ ወይም በቂጣ ይበላል።

ሁለት ነገር እንጨምር። ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በደንብ የሚወስደው ሎሚ ወይም ቃሪያ ሲታከልበት ነው። ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ይህንኑ ብረት ይይዙታል። ቡናውን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ብናቆየው ቡናችን አይቀርብንም፤ ምግቡም ይጠቅመናል።

ገብስ፦ ከአርሲ ጎተራ እስከ ተልቢና

አርሲና ባሌ በጩኮ ይታወቃሉ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ፣ በቅመም ባማረ ቅቤ ታሽቶ የሚዘጋጅ፣ ለመንገደኛ ስንቅ የሚሆን፣ ቶሎ የማይበላሽ ምግብ ነው። ገንፎውም ለአራስና ለእንግዳ ይቀርባል።

ገብስ በሱንናም ቦታ አለው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት ሰው ተልቢና እንዲዘጋጅ ታዝ ነበር፤ ይህንንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማችው መሆኑን ገልጻለች። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን አጥሚት ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ተበጥብጦ በቀስታ እሳት ለ10 ደቂቃ ያህል ይማሰላል፤ ወተት ይጨመርበትና ከእሳት ሲወርድ በማር ይጣፍጣል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ለቅሶ ቤት ይዘን የምንሄደው ነገር ሲቸግረን ይህ ከለስላሳ ካሳ እጅግ የተሻለ ነው።

ረመዳንም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሳበ ወቅቶችን ሁሉ በ33 ዓመት ገደማ ይዞራል። በ2017 ዓ.ም. የገባው ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ነበር፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ጥርና ወደ ታኅሣሥ ይጠጋል። ይህ አዲስ ገብስ ጎተራ የሚገባበት ወቅት ነው። የኢፍጣር ማዕዳችንን ዘይት በበዛበት ሳምቡሳ ብቻ ከምንሞላ የገብስ ሾርባ ብናስቀድም ለኪስም ለጨጓራም ይቀላል።

መዓዛ ያላቸው ቅጠሎች

ጦስኝ በባሌ ተራሮችና በሌሎች ከፍተኛ ቦታዎች ራሱ የሚበቅል ቅጠል ነው። ለሻይ፣ ለሽሮና ለበርበሬ ማጣፈጫ ይሆናል። ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ፣ በሶብላ ለሽሮና ለበርበሬ፣ ጤና አዳም ለቡናና ለእርጎ ይውላሉ። ደርቀው በጥላ ቢቀመጡ ለበጋው ይደርሳሉ። ጤና አዳምን ግን ነፍሰ ጡር እናት እንድትርቀው ይመከራል። እነዚህ ምግብን የሚያጣፍጡ ቅጠሎች ናቸው፤ ሕመም ሲጠና የሐኪምን ቦታ አይተኩም።

ከመልቀማችን በፊት

አንደኛ፦ ስንዴ ማሳ ላይ የፀረ አረም መድኃኒት ይረጫል። ከማሳ ዳር የበቀለ ቅጠል የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል ከጓሮ ወይም ካልተረጨ ቦታ እንልቀም፤ ባለማሳውን መጠየቅም አይክበደን። ከመንገድ ዳርና ከፍሳሽ አጠገብም አንልቀም።

ሁለተኛ፦ በደንብ የማናውቀውን ቅጠል አንብላ። በዚያው አጥር ሥር እንደ አስተናግር ያለ መርዛም ተክልም ይበቅላል። የሚያውቁ እናቶችን ይዘን እንሂድ፤ ልጆችን ብቻቸውን አንላክ።

ሦስተኛ፦ በሸሪዓችን የነገሮች መሠረት መፈቀድ ነው፤ የሚጎዳው ግን ይከለከላል። ሰዎች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲሥ እናገኛለን። ቢሆንም ከታጠረ የሰው ጓሮ ስንለቅም ማስፈቀድ አደብም ሐቅን መጠበቅም ነው።

ከማዕዱ ለጎረቤት

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠራ ውኃውን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ አዘውታል። ሳማ ደግሞ ለመጨመር የማይከብድ ምግብ ነው፤ አንድ እፍኝ ቢጨመር አንድ ቤት ይደርሳል። ብዙ ዑለማእ እንደሚሉት እህሉ ወደ ስድስት ኩንታል ተኩል የደረሰለት ገበሬም በአጨዳው ወቅት ዘካ ያወጣል፦ በዝናብ ከበቀለው አንድ አሥረኛ፣ ወጪ ባለው መስኖ ከለማው አንድ ሃያኛ። በታኅሣሥ በትክክል የወጣ ዘካ በነሐሴ ጎተራው የሚሳሳበትን ጎረቤት ይደርስለታል። የዱር ቅጠል የዘካን ቦታ አይተካም፤ የተቸገረን ሰው «ሳማ አለልህ» ብሎ መሸኘትም አይገባም። ሀብታሙም ድሃውም ሳይሸማቀቁ ከአንድ ድስት ሲበሉት ነው ሳማ የችግር ምልክት መሆኑ የሚቀረው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ማዕድ ከጓሯችን ይሁን። አያቶች በሕይወት ሳሉ የትኛው ቅጠል እንደሚበላ፣ የትኛው እንደማይነካ ለልጅ ልጆቻቸው ያሳዩ። እንግዳ ሲመጣም ድስቱን አንሸሽግ፤ ቢስሚላህ ብለን እናቅርበው።

አላህ ሲሳያችንን ሐላልና ጠይብ ያድርግልን፤ የዘራነውን ለመሰብሰብ፣ የሰበሰብነውን ለማካፈል ያብቃን። አሚን።