ማንኪያው ሲወድቅ ልጅቱ ምን ታያለች?

ዓመት ያለፋት ሕፃን ገበታ ቀርባ ማንኪያዋን ትጥላለች። እናቷ አንሥታ ትሰጣታለች፤ መልሳ ትጥላለች። በሦስተኛው ላይ «አንቺ ልጅ፣ እረፊ!» የሚል ቁጣ ይመጣል። ልጅቱ ግን ዓይኗን ከማንኪያው አልነቀለችም። በአራተኛው እጇን ከፍ አድርጋ፣ በአምስተኛው ወደ ጎን ዘርግታ ትለቅቀዋለች፤ ሲንኳኳም ጸጥ ብላ ታዳምጣለች። የእናት ወገብ ደከመ፤ ልጅቱ ግን ሥራዋን ገና አልጨረሰችም።

ይህን «ሥራ» ቁም ነገር ብሎ በጽሑፍ ካሰፈሩት ሰዎች አንዱ ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (1896–1980) ነው። የገዛ ሦስት ልጆቹን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ በቅርብ እየተከታተለ ያዩትን፣ የያዙትንና የጣሉትን ሁሉ ይመዘግብ ነበር። ልጁ ሎራን በአሥር ወሩ በጀርባው ተንጋሎ መጫወቻዎቹን በየተራ እያነሣ፣ ክንዱን እየዘረጋ ይለቅቃቸዋል። የሚለቅበትንም አቅጣጫ ይቀያይራል። አንዱ ትራሱ ላይ ሲያርፍለት እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ጣለው። ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን የሙከራ መጀመሪያ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ሕፃኑ አንድ ነገር ለውጦ ውጤቱን ያያል፤ አሁንም ለውጦ ያያል።

በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አይሚ ስታልና ሊሳ ፋይገንሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት ነገሩን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። ለ11 ወር ሕፃናት «ምትሃት» አሳዩአቸው። ለአንዳንዶቹ መጫወቻው ግድግዳ ሰንጥቆ ያለፈ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከጠርዝ አልፎ አየር ላይ የቀረ መሰላቸው። ከዚያም መጫወቻው እጃቸው ገባ። ግድግዳ ሲያልፍ ያዩት ጠንካራ መሆኑን ሊፈትኑ ይመስል ከጠረጴዛ ጋር አንኳኩት፤ አየር ላይ ሲቀር ያዩት ግን ጣሉት። እንግዲህ ማንኳኳቱም መጣሉም የየራሱ ጥያቄ ነበረው ማለት ነው።

ታዲያ የወላጅ ድርሻ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ቦናዊትዝና ባልደረቦቿ ለመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜ ልጆች አንድ እንግዳ መጫወቻ ሰጡ። አንዱ ቱቦው ይጮኻል፣ ሌላው ያበራል፣ ሌላው ዜማ ያሰማል፣ አንዱ ውስጥ ደግሞ መስተዋት ተደብቋል። «እንዲህ ነው የሚሠራው» ተብለው ጩኸቱን ብቻ የተማሩት ልጆች እሱኑ ይዘው ቀሩ። መጫወቻውን ያቀረበችላቸው ሴት ጩኸቱን ድንገት ያገኘችው አስመስላ ስትገረም ያዩት፣ ምንም ያልታየላቸውም፣ ብዙ ጎረጎሩ፤ ብዙም አገኙ። ልጅ አይማር ማለት አይደለም፤ ለማሳየት ከቸኮልን ግን ልጁ «ያለው ይኸው ብቻ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ልጅ ሲያድግ ጨዋታው ወደ ዕቃ ዕቃ ይሸጋገራል። የአምስት ዓመት ልጅ ደጅ ተቀምጣ ቡና አፍልታለች፤ ቆርኪው ሲኒ፣ ጣሳው ጀበና፣ ጭቃ ውኃው ቡና ነው። ታናሽ ወንድሟ እጁን ሲሰድ «ቆይ፣ ገና አልሰከነም!» ትለዋለች። እናቱ ብትለምነው ለደቂቃ የማይቀመጠው ልጅ፣ «እንግዳ» ስለሆነ እስከ በረካው ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባደረገው ንግግር ያስረዳው ይህንኑ ነበር፦ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ለሕግ ሲል የገዛ ፍላጎቱን ይገታል። በትር ፈረስ ሲሆን ደግሞ ነገሩንና ትርጉሙን መለየት ይለማመዳል።

ለዚህ ሁሉ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም፤ ጣሳ፣ የእንጨት ማንኪያና ጨርቅ ይበቃል። ጥንቃቄው ሌላ ነው። ቆርኪና አዝራርን የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ሁሉን ወደ አፉ ከሚያስገባ ሕፃን ይራቁ፤ ጉሮሮ ይዘጋሉና። አደጋ ከሌለ ግን እጅም ምላስም ይሰብሰብ።

ነገ ማንኪያው ሲወድቅ፣ ጎንበስ ከማለትዎ በፊት አንዴ የልጅዎን ዓይን ይመልከቱ። ወዴት እንደሚያይ ካወቁ፣ ምን እየጠየቀ እንደሆነም ያውቃሉ።