ያውቁ ኖሯል? ሃድሰንስን የዋጠው የቤት ልጅ

ዲትሮይት፣ ዉድዋርድ ጎዳና ላይ የነበረው የሃድሰንስ መደብር በስፋቱ በአሜሪካ ከኒው ዮርኩ ሜሲስ ቀጥሎ የሚጠራ ነበር። ጆሴፍ ሃድሰን ንግዱን በ1881 እ.ኤ.አ. ጀመረ። ሃድሰን የተባለችው አውቶሞቢልም ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው፤ ኩባንያዋ ሲቋቋም ገንዘብ ካወጡት አንዱ ነበርና።

ታዲያ ይህን ግዙፍ ማን ጣለው? ብዙዎች ተፎካካሪዎቹን ይወቅሳሉ። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከቤት ነው። ነዋሪው መኪና እየገዛ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲወጣ፣ ሃድሰንስ ራሱ በ1954 ሳውዝፊልድ ላይ ኖርዝላንድ የተባለ የገበያ ማዕከል ከፈተ። መኪና ማቆሚያው ሰፊ፣ ዕቃው ያው የሃድሰንስ ዕቃ! ከዚያ ወዲያ መሃል ከተማ ድረስ ማን ይደክማል?

ሃድሰንስ በ1969 ከሚኒያፖሊሱ የመደብር ኩባንያ ከዴይተን ጋር ተዋሐደ። ዴይተን በ1962 የከፈተው የቅናሽ ሱቅ፣ ታርጌት፣ እያደር ሁለቱንም በልጦ በ2000 የእናት ኩባንያው ስም ታርጌት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የሃድሰንስና የዴይተንስ ሰሌዳዎች ወርደው የቺካጎው መደብር የማርሻል ፊልድስ ስም ተሰቀለ፤ በ2006 ደግሞ እሱም በተራው በሜሲስ ተተካ። የዉድዋርዱ ሕንፃ ግን ይህን አላየም፤ በ1983 ተዘግቶ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1998 በፈንጂ ፈርሷል።