ተንሸራታቹ ክፍል አልገባ ሲል

በአሜሪካ አገር ለዕረፍት ቤቱን በመኪና ላይ አድርጎ ከነልጆቹ የሚዘዋወር ቤተ ሰብ እጅግ ብዙ ነው። እነዚህ ባለመንኰራኵር ቤቶች አብዛኛዎቹ የሚሠሩት በኢንዲያና ግዛት፥ በኤልክሃርት ከተማና በአካባቢዋ ነው። መኪናው በመንገድ ሳለ ጠባብ ነው፤ ከሰፈረ በኋላ ግን ባለቤቱ አንዲት ቍልፍ ቢጫን፥ የግድግዳው አንዱ ወገን ከነአልጋው ወደ ውጭ ተንሸራትቶ ቤቱ ይሰፋል።

ነገር ግን ለመመለስ በተነሡበት ጧት፥ ዕቃው ታስሮ ልጆቹም ተሰናድተው ሳሉ፥ ክፍሉ አልገባ ያለ እንደ ሆነ ጕዞው ቀረ ማለት ነው፤ ክፍሉ ወጥቶ ሳለ በመንገድ መሄድ አይቻልምና። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተቻኵሎ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይልና በብዙ ገንዘብ ሌላ ያስመጣል። አዲሱም ተገጥሞ እንደ አሮጌው ዝም ይላል። ምስክር ሳይሰማ በሞተሩ ላይ መፍረድ እንዳይገባ የምንናገረው ስለዚህ ነው።

በብዙዎቹ መኪናዎች ይህ ሞተር የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነው። የሞላ ባትሪ ሥራ ሳይኖርበት ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 12 የወረደ እንደ ሆነ ግን ከኃይሉ የሚበዛው አልቋል። እንዲህ ያለው ባትሪ መብራት ስለሚያበራ ባለቤቱን ያታልለዋል፤ መብራት ጥቂት ይበቃዋል፥ ክፍል የሚገፋ ሞተር ግን ብዙ ይሻል። በአንዳንዱ መኪና ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ካልተያዘ ክፍሉ አይንቀሳቀስም፤ ይህን ረስቶ ግማሽ ቀን የሚደክም አይጠፋም።

ፊውዙ ተቃጥሎ ቢገኝ በልኩ ሌላ ይተካ። ደግሞ ቢቃጠል ከልኩ የበለጠ ማግባት ሽቦውን አግሎ ልጆች የሚተኙበትን ቤት ለእሳት መስጠት ነው።

ከዚህ በኋላ አንዱ ሰው ቍልፉን ተጭኖ ሲይዝ፥ ሌላው ከሚንቀሳቀሰው ግድግዳ እጁን አርቆ በሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ላይ ቮልቱን ይለካ። ቍልፉ ሳይጫን መለካት ምንም አያስረዳም። ባትሪው 12 ቮልት እየሰጠ ለሞተሩ 9 ብቻ ከደረሰው፥ የቀረው በመንገድ ጠፍቷል። ሌባውም ብዙ ጊዜ ከመኪናው ብረት ጋራ የሚታሰረው ሽቦ ነው፤ ከሥር ውሃና ጭቃ ስለሚያገኘው ይዝጋል። ባትሪውን ለይቶ፥ ሽቦውን ፈትቶ፥ ብረቱ እስኪነጣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማጥበቅ ነው። ሙሉ ቮልት ደርሶት ዝም ያለ ሞተር ግን ጥፋተኛ ነው፤ እያቃሰተ የቆመ እንደ ሆነም በክፍሉ መንገድ የተቀረቀረ ነገር ይፈለግ።

ክፍሉ ወደ ውጭ እየሄደ ወደ ውስጥ እንቢ ቢል ሞተሩን አትንኩት። የሚያስወጣውም የሚያስገባውም ያው አንዱ ሞተር ነው፤ የሚለወጠው የኤሌክትሪኩ አካሄድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ጕድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቍልፉ ወይም አካሄዱን ከሚያዛውረው መሣሪያ ላይ ይገኛል።

ሁሉም ያልሆነ እንደ ሆነ፥ ብዙዎቹ ክፍሎች በእጅ እየተዘወሩ የሚገቡበት መንገድ አላቸው። መዘውሪያው የት እንደሚቀመጥና በየት በኩል እንደሚገባ ከቤት ሳይነሡ በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ ማየት ነው፤ በዝናብና በጨለማ ከመኪና ሥር ተኝቶ መፈለግ አስቸጋሪ ነውና።