በሌዘር የሚመራ የድሮን ሚሳይል፦ የነጥቡ ትክክለኝነትና የዒላማው ማንነት

ድሮን የሚሸከመው በሌዘር የሚመራ መሣሪያ ዒላማውን በራሱ አይለይም። ኦፕሬተሩ በካሜራ ያየውን ቦታ 1.064 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው፣ ለዓይን በማይታይ ጨረር ያመለክታል፤ በመሣሪያው አፍንጫ ላይ ያለው ተቀባይም ከቦታው የሚንጸባረቀውን ብርሃን ተከትሎ የመቆጣጠሪያ ክንፎቹን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህም እንደ ደባርቅ ባሉ የሰሜን ጎንደር ደጋዎች የሚወርደው የክረምት ጉም ጨረሩን በትኖ ምሪቱን ሊያሰናክል ይችላል። ሰማዩ ሲጠራ ግን ጨረሩ የሚያረጋግጠው ቦታውን እንጂ በዚያ ያሉትን ሰዎች ማንነት አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በትግራይ ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ሲመታ ቢያንስ 57 ሲቪሎች መገደላቸውን፣ ስብርባሪውም የቱርክ ሥሪት ኤም.ኤ.ኤም.-ኤል. መሆኑን ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። ስለሆነም የትክክለኝነት ጥናት ነጥቡን ካስመረጠው መረጃ መጀመር ይኖርበታል።