በዩኒቨርሲቲ ግቢ መኖር፦ ተማሪዎችና ወላጆች ከምዝገባ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመደቡ አብዛኞቹ ተማሪዎች ከቤተሰባቸው ርቀው በግቢ ውስጥ ይኖራሉ። መኝታ፣ ምግብና መሠረታዊ የጤና አገልግሎት በተቋሙ በኩል ይቀርብላቸዋል። አገልግሎቱ ግን በወጪ መጋራት ሥርዓት የሚሰጥ እንጂ ነፃ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ወደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ተማሪዎችን በምሳሌነት በመውሰድ፣ ተማሪው የሚያገኘውን አገልግሎትና የሚገባውን ግዴታ ያብራራል።

ስለ አካባቢው

ደብረ ታቦር በደቡብ ጎንደር፣ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተሰየመው በከተማዋ አቅራቢያ በሚገኘው ጋፋት ነው። ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የውጭ አገር ባለ እጆች ሰፍረው፣ ኢትዮጵያውያን ከእነርሱ ጋር እየሠሩ ሙያ የቀሰሙበት፣ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተሰኘው መድፍ የተሠራበት ስፍራ ነው።

ሌሊቱ ብርዳማ በመሆኑ፣ በተለይ ከቆላ አካባቢዎች የሚመጡ ተማሪዎች ወፍራም ብርድ ልብስና ሙቀት የሚሰጥ ልብስ ይዘው እንዲመጡ ይመከራል።

በምዝገባ ወቅት

ዩኒቨርሲቲዎች በጥሪ ማስታወቂያቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የትምህርት ማስረጃዎችን ዋናና ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ብርድ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ነው። ተማሪው መኝታ ክፍል ሲመደብለት አልጋ፣ ፍራሽና ቁም ሳጥን ፈርሞ ይረከባል። የተረከበው ንብረት ከጠፋ ወይም ከተበላሸ ተጠያቂ ስለሚሆን፣ ከመፈረሙ በፊት ያለበትን ሁኔታ ማየትና ጉድለት ካለ ማስመዝገብ ይኖርበታል።

የወጪ መጋራት ውል

የወጪ መጋራት ሥርዓት በ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሥራ ላይ የዋለ ነው። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ክፍያው የሚፈጸመው ከምረቃ በኋላ ሥራ ሲይዝ፣ አሠሪው ከደመወዙ እየቀነሰ ገቢ በሚያደርገው ገንዘብ ነው።

በዚህ ረገድ ሦስት ነጥቦችን ማስተዋል ያስፈልጋል፦

• የውሉ ቅጽ በየዓመቱ ይሞላል። ተማሪው የፈረመበትን ቅጂ ይዞ ማቆየት ይገባዋል።

• በግቢው ምግብ ቤት ከመመገብ ይልቅ የምግብ ወጪውን በጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ተማሪም ገንዘቡ በዕዳው ላይ ይታሰብበታል። ስለሆነም በየወሩ የሚደርሰው ብር ስጦታ እንዳልሆነ ቤተሰብ ሊገነዘብ ይገባል።

• ዋናውን የዲግሪ ማስረጃ ለመውሰድ በአብዛኛው የወጪ መጋራት ክፍያው መጠናቀቁን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይጠየቃል።

ችግር ሲያጋጥም

በመኝታ ክፍል የሚፈጠር ችግር በቅድሚያ ለሕንፃው ፕሮክተር፣ መፍትሔ ካላገኘ ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ትንኮሳ የደረሰባት ወይም ያሰጋት ተማሪ ጉዳዩን ሳታዘገይ ለተማሪዎች ዲን ወይም ለሴቶች ጉዳይ ክፍል ማሳወቅ ትችላለች። አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ምድር ቤት ወይም ለእንቅስቃሴ ምቹ የሆነ ክፍል እንዲመደብላቸው ገና በምዝገባ ዕለት ቢጠይቁ ይመረጣል።

ትምህርት ለማቋረጥ የተገደደ ተማሪ

በሕመም፣ በቤተሰብ ችግር ወይም በሌላ ምክንያት ግቢውን ለቆ የሚሄድ ተማሪ ለሬጅስትራር የማቋረጫ ቅጽ መሙላት፣ የተረከበውን ንብረት መመለስና ክሊራንስ መያዝ አለበት። ይህን ሳይፈጽም የሄደ ተማሪ በኋላ ለመመለስ ሲያመለክት ጥያቄው ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። በአንጻሩ ቅጹን በወቅቱ የሞላ ተማሪ ለዳግም ቅበላ የሚያመለክትበት ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል። ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው በድንገት ወደ ቤት ቢመለስ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው ክሊራንስ መያዙን ነው።